የግራጫዋ ኮምፕሬሰርና የዘይኑ ቀኝ እጅ

ዘይኑልአቢዲንን ተቀምጦ ያየው ሰው የለም ይላሉ የሐይቅ ሰዎች። መኪና ውስጥ መቀመጥማ መቀመጥ አይባልም፤ መሬቱ ከሥሩ እየሮጠለት ነው። ቤቱ ሲገባ ምሳውን ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጎርሳል። ለቅሶ ቤት ሄዶ «አላህ ያጽናችሁ» ይልና ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይወጣል። የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ስብሰባ ሲጠራ ግድግዳ ተደግፎ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ያዳምጣል። «ይኼ ሰውዬ እናቱ ሆድ ውስጥም ዘጠኝ ወር አልቆየ» ትላለች ሚስቱ ራህማ። እውነትም በስምንት ወሩ ነው የተወለደው አሉ።

በዚያ ሳምንት ግን ዕረፍት የነሳው ተፈጥሮው ብቻ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ከጭፍራ ስልክ ተደወለ። አንዲት ልጁ ኢልሀም ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ በኦፕራሲዮን ነው፣ ግን እሷም ሕፃኗም አፊያ ናቸው። ዘይኑ «አልሀምዱሊላህ» እያለ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ራህማ ስልኩን ከእጁ ስትነጥቀው እንኳ አላወቀም።

«እማ» አለች ኢልሀም፣ ድምፅዋ ገና ደክሞ። «እሑድ ሰባት ቀኗ ነው። ዐቂቃዋን እሑድ እናርዳለን። ስሟን አንቺ ነሽ የምታወጪላት። ማንም አፉን እንዳይከፍት ብያለሁ። አንቺ ካልመጣሽ ልጅቷ ስም የላትም።»

«እመጣለሁ» አለች ራህማ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሁለቱም ያሰቡት አንዲት ግራር ነበር።

ራህማ ከታመመች አራት ዓመቷ ነው። የደሴው ሐኪም የነርቭ ነው ብሏታል። ሐይቅ ላይ ያያት ሰው በሽተኛ ናት አይልም፤ ገበያ ትወጣለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች። ሙቀት ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ ግን እግሮቿ ይከዷታል፣ ዓይኗም ይጭበረበርባታል። ሲበርድላት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሣለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ኢልሀም ጭፍራ ለሚያስተምር ልጅ ስትዳር ሙሽራዋን ሊሸኙ ተከትለው ወጥተው ነበር። መርሳን አልፈው ወደ ምሥራቅ እንደታጠፉ፣ ቆላው መተንፈስ በጀመረበት ቦታ፣ ራህማ መቀመጫዋ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጠፈች። ዘይኑ ተሸክሞ አንዲት ብቻዋን የቆመች ግራር ሥር አስተኛት፤ ያለውን የጀሪካን ውኃ ሁሉ አፈሰሰባት። ሙሽራዋ ያለ እናቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ራህማ የልጇን ደጃፍ አልረገጠችም። ሰዎች «የኢልሀም ቤት እንዴት ነው?» ሲሏት በስልክ ያየችውን እያስታወሰች፣ «መጋረጃው አረንጓዴ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው» ብላ እንደ ገባች ሰው ትናገራለች።

«እንሄዳለን» አለ ዘይኑ።

«በምን?»

«በግራጫዋ ነዋ!»

«ግራጫዋማ ምድጃ ናት። በሷ ከምትወስደኝ እዚሁ እሳት ዳር ብታስቀምጠኝ መንገዱ ይቀልሃል።»

ግራጫዋ ከኢልሀም በዕድሜ የምትበልጥ የናፍጣ መኪና ናት። ዘይኑ ከሐይቅ ውጫሌና ደሴ ሰው ሲያመላልስባት ኖሯል። ሞተሯ ዛሬም በቅሎ ነው። አየር ማቀዝቀዣዋ፣ ኤሲው፣ ግን ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። አብሯት የመጣው ኮምፕሬሰር እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ፣ ሲበራ ሞተሩን ዳገት ላይ የሚያስቃትት፣ የሚያወጣውም አየር የታመመ ሰው ትንፋሽ የሚመስል ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጊያ ሲበጠስ ዘይኑ «ተገላገልኩ» ብሎ ትቶታል።

እና የዚያኑ ቀን ግራጫዋን ወደ ውጫሌ መውጫ ላይ ወዳለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ነዳት። ጋራዧ የሙሉአለም ናት። ሙሉአለም ኮምቦልቻ ተምራ የመጣች ወጣት ናት፤ መጀመሪያ የሰዉን ፍሪጅ ነበር የምትጠግነው፣ ኋላ የመኪና ኤሲ ጨመረችበት። ሰዉ «ሙሌ ፍሪጅ» እያለ ነው የሚጠራት።

«ሙሌ፣ ለሐሙስ ታደርሺልኛለሽ?»

«መጀመሪያ ደኅና ዋልሽ ይባላል ጋሽ ዘይኑ።»

«ደኅና ዋልሽ። ለሐሙስ ታደርሺልኛለሽ?»

ሙሉአለም ኮፈኑን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ዘይኑ በግራ መጣ፣ በቀኝ መጣ፣ ከኋላ መጣ።

«ይኼንን አልጠግነውም» አለች በመጨረሻ።

«ምነዋ?»

«ይኼ ኮምፕሬሰር ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ደብዳቤውን ያልሰጡት እርስዎ ነዎት። ብጠግነውም ዳገት ላይ ሞተሩን ያሞቅብዎታል። አዲስ ዓይነት እንግጠምላት፤ ትንሽ ነው፣ ክብደቱ የዚህን ግማሽ አይሞላም፣ ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበትም ትንሽ ነው። ግን ማቀፊያው ከዚህ ሞተር ጋር አይገጥምም፤ አስበይዳለሁ። ቺንጊያውም ቱቦውም ማጣሪያውም ይቀየራል።»

«ይሁና! ግን ለሐሙስ።»

«ምን አለ ሐሙስ?»

ዘይኑ ነገራት። ስለ ግራሯም ነገራት፤ ለሰው ነግሮት የማያውቀውን። ሙሉአለም እጇን በጨርቅ እየጠረገች አዳመጠችው፤ ከዚያ «ለሐሙስ» አለች።

ማክሰኞ ደሴ ወርዳ ኮምፕሬሰሩን ይዛ መጣች። ረቡዕ ማቀፊያውን አስበየደች፤ ሲገጠም ግን በአንድ ጣት ስፋት ወደ ውጭ ወጥቶ ቺንጊያው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። ነቅላ እንደገና አስበየደችው። ዘይኑ በቀን አራት ጊዜ ይመጣል። ሲመጣ ብሎን ያቀብላል፣ ያላለቀውን ይነካካል፣ የተፈታውን ዕቃ ቦታ ይቀይርባታል።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ያቺን ዱካ ያዩዋታል?»

«አያታለሁ።»

«ለመቀመጫ ነው የተሠራች።»

ዘይኑ ዱካዋን አየት አደረገና ዞሯት ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉአለም በትንሽ ሞተር ከቱቦዎቹ ውስጥ አየር መምጠጥ ጀመረች። ዘይኑ ዓይኑ ፈጠጠ። «ጋዙን ሙዪውና ልሂድ እንጂ! ምን ይመጥጣል ይኼ ደግሞ?»

«ያለውን አየርና እርጥበት ሁሉ ሳላወጣ ጋዝ አይገባም። አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ነገር ልትመጥጪ?»

«ባዶውን እኮ ነው የምፈልገው። ሐይቁ ዳር ወርደው ነፋስ ተቀብለው ይምጡ።»

ዘይኑ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ነፋስ ተቀብሎ፣ ሁለት ሰው ሰላም ብሎ፣ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ተመለሰ።

ጋዙ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሣ ሙሉአለም ነዳጅ እየረገጠች ማብሪያውን ተጫነች። ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ዘይኑ ፊቱን ወደ አየር መውጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሱብሃነላህ! የደላንታ ደጋ ንጋት ነው!»

ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ብቻውን ለሙከራ ወጣ። እስከ ውጫሌ ድረስ ጉልበቱ እስኪቀዘቅዝ በረደው፤ በባጃጆቹ መሀል እየተሽሎከለከ መስኮቱን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ። ራህማን በሐሳቡ ከጎኑ መቀመጫ ላይ አያት፤ ነጠላዋን ተከናንባ «ቀንሰው እንጂ በረደኝ» ስትለው ሰማት።

ውጫሌን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ቅዝቃዜው ቀነሰ። እንዲያው መስሎኝ ነው ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ትንሽ ወረደ፤ አየሩ ለብ አለ። ግርጌው ሲደርስ ከመውጫው የሚመጣው ያ የድሮው የበሽተኛ ትንፋሽ ነበር። ዘይኑ መሪውን በመዳፉ መታው። ዞሮ ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ፣ ገና ግማሽ ዳገት ላይ፣ ግራጫዋ እንደ ደላንታ መንፈስ ጀመረች።

ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«አታለልሽኝ!»

«ምን ሆነ?»

«ሽቅብ ስትሄድ ትበርዳለች፣ ቁልቁል ስትሄድ ትሞቃለች! እኔ ሚስቴን ወደ ሰማይ አይደለም የምወስዳት፤ ወደ ጭፍራ ነው!»

ሙሉአለም ኮፈኑን ከፈተች። የጋዙን ግፊት ለካች፤ ልክ ነው። ቺንጊያውን ነካች፤ ጠብቋል። ሽቦውን ፈተሸች፤ ደኅና ነው። በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባች፤ አንድም ቦታ አልተነፈሰም።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ሽቅብ በርዶ ቁልቁል የሚሞቅ ጋዝ አይቼ አላውቅም።»

«ጂኒ ገብቶበታል በያ!»

«ጂኒ ከሆነ እኔ ኮምቦልቻ አልተማርኩትም» አለች፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። «ነገ ጠዋት አብሬዎት እወርዳለሁ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ዘይኑ ቤቱ ሲገባ ራህማ ሻንጣዋን ጨርሳ ነበር፤ ለሕፃኗ የገዛችው ነጭ ብርድ ልብስ ከላይ ተጣጥፏል። ያንን ሲያይ ስልኩን አወጣ።

«ለማን ልትደውል ነው?» አለችው።

«ለኢልሀም። ከአሁኑ ብታውቀው ይሻላል። ሰው ያዘጋጁ… ስሙን የባሏ እናት ታውጣ።»

«አትደውል።»

«ራህማ፣ እንደዚያን ጊዜ ብትሆኚብኝስ? እኔ አንቺን ሁለተኛ እዚያች ዛፍ ሥር…»

«ነገ የጋራዧ ልጅ አብራን ትወርድ የለ? እኔም እመጣለሁ፤ ሻንጣዬንም ይዤ። ከበረደ በዚያው እንሄዳለን። ካልበረደ በዚያው እመለሳለሁ። ጎረቤቱን ሁለት ጊዜ አልሰናበትም።»

ዘይኑ ስልኩን ኪሱ ከተተና ግቢውን መዞር ጀመረ። ራህማ ዙሩን ትቆጥር ነበር፤ ሠላሳ ሲሞላ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ራህማ ከፊት፣ ሙሉአለም ቴርሞሜትር ይዛ ከኋላ ተቀመጡ። ሐይቁ ከኋላቸው ብልጭ ብሎ ቀረ። ሲነሡ ከመውጫው የሚወጣው አየር ስምንት ዲግሪ ነበር። ራህማ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ውጫሌን አለፉ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር የሞተሩ ጩኸት ወደቀ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ዝም ብላ መንሳፈፍ ያዘች፤ ዘይኑም እንደ ልማዱ ለራሱ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ዜማው አምባሰል ነበር፣ ግጥሙ የእሱ ብቻ።

«ዐሥራ ሁለት» አለች ሙሉአለም ከኋላ። ትንሽ ቆይታ፣ «ዐሥራ ስድስት። ኧረ ምን ጉድ ነው?» ጆሮዋን ወደ ፊት አስግጋ የኮምፕሬሰሩን ድምፅ ፈለገች። «ዐሥራ ዘጠኝ።»

«አላልኩሽም!» አለ ዘይኑ። «አላልኩሽም ወይ?»

«ዝም በል እስቲ» አለች ራህማ። ዓይኗን ጨፍና ነበር። «ስታንጎራጉር ነው የሚሞቀው።»

«ምን?»

«ሞተሩ ሲጮህ እንጉርጉሮህ አይሰማኝም፤ ያኔ ይበርዳል። አሁን ድምፅህ ተሰማኝ፣ ወዲያው እግሬ መክበድ ጀመረ። መኪናይቱ ዝም ስትል ነው የምትሞቀው።»

ሙሉአለም በሁለቱ መቀመጫዎች መሀል አንገቷን አስገብታ ወደ ታች አየች።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ማርሹ የት ነው?»

«የት ይሁን? ቦታው ላይ ነዋ።»

«ዜሮ ላይ ነው እኮ!»

«ቁልቁለት ላይ አይደለን እንዴ! ታዲያ የት ይሁን?»

ሙሉአለም መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ መቀመጫው ላይ ወድቃ ሳቀች። ዘይኑ ተቆጥቶ መኪናዋን ዳር አስያዘ።

የዚህ መንገድ ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው። ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ የሚወርድ ሰው ገንዘቡን በመስኮት እንደሚበትን ይቆጠራል። ዘይኑን መንዳት ያስተማረው አሻግሬ የሚባል የአምባሰል ሰው ነበር፤ «ቁልቁለት የእግዜር ናፍጣ ነው፤ የሰጠህን ውሰድ» ይለው ነበር። ዘይኑ የአላህ ናፍጣ ብሎ ተቀብሎታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ቀኝ እጁ ራሱን ችሎ ሄዶ ማርሹን ያወጣዋል፤ እሱን አይጠይቀውም።

«ይኸውልዎት» አለች ሙሉአለም እንባዋን እየጠረገች። «ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው ሞተሩ በዞረ ልክ ነው። እርስዎ ማርሹን አውጥተው ሞተሩን ሲያስተኙት እሱም አብሮ ይተኛል። የተኛ ነገር እንዴት ያብርድ? ሦስተኛ ላይ አድርገው ይውረዱ።»

«ናፍጣውስ?»

«በማርሽ ሲወርዱ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፤ እግርዎን ካነሡ የሚጠጣው የለም ማለት ይቻላል። ዜሮ ላይ ሲያደርጉት ነው እንዳይጠፋ ሲል የሚጠጣው።»

ዘይኑ ወደ መንገዱ ዞረ። ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና በማርሽ እያጓራ አለፋቸው።

«ሠላሳ ዓመት?» አለ።

«የፍሬን ሸራስ በየስንት ጊዜው ነው የሚቀይሩት?»

«እሱን ተይው አንቺ ልጅ!» አለ ዘይኑ። «አሻግሬ… አፈር ይቅለለውና፣ አሁን በሕይወት ቢኖር ፊት ለፊቱ ቆሜ…» ማርሹን ወደ ሦስተኛ ገፋው።

በሦስተኛ ማርሽ ወረዱ። ሞተሩ አጓራ፣ እንጉርጉሮው ጠፋ። ቴርሞሜትሩ ዐሥራ አራት አለ፤ ዐሥር አለ፤ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ራህማ ነጠላዋን ሰበሰበች። መርሳ ሲደርሱ ሙሉአለም ወደ ሐይቅ በሚመለስ መኪና ልትሄድ ወረደች፤ በሩን ከመዝጋቷ በፊት ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ዘይኑ፣ አሁን ያልተቀየረ ዕቃ ቀኝ እጅዎ ብቻ ነው። እሱን ደሴም ፈልጌ አላገኘሁ።»

«ሂጂ ወደዚያ!»

«እትዬ ራህማ፣ እጃቸውን ይጠብቁልኝ።»

ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። መንገዱ በየጊዜው ትንሽ ይወጣና ብዙ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር የዘይኑ እጅ ከመሪው ላይ ይሾልካል። ራህማ ግራ እጇን እጁ ላይ ትጭናለች፤ እሱም እንደ ተያዘ ሌባ ይመልሰዋል። ውጭው ነጣ። ፍየሎቹ ጥላ ፍለጋ ግንድ ተለጥፈው ቆመዋል፤ ራህማ መስታወቱን በጣቷ ብትነካው አቃጠላት። ዘይኑ ውኃ ቀዳላት፤ መንገዱን አየ፣ ፊቷን አየ፣ መንገዱን አየ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«እግርሽስ?»

«መንገድህን እይ።»

ሩቅ፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ፣ ግራሯ ታየች። ያው ናት፤ ብቻዋን ቆማለች። ዘይኑ ቶሎ ለማለፍ ፈለገ፤ ቶሎ ለማለፍ ሲፈልግ ደግሞ ቀኝ እጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሩ ዝም አለ። ግራጫዋ በዝምታ ቁልቁል ተለቀቀች። ዘይኑ ዓይኑ ዛፏ ላይ ተተክሎ ሲያደርገው አላወቀም። ከመውጫው የሚመጣው አየር ለብ አለ።

ራህማ እግሯ ሲከብድ ተሰማት። እጁን መምታትም መጮህም አላሰኛትም። የማርሹን ዘንግ ራሷ ጨበጠችው።

«ፍሪሲዮን ርገጥ» አለችው።

«ምን?»

«ርገጥ አልኩህ!»

ረገጠ። ራህማ ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ያየችው ነገር እጇን አላስቸገረውም፤ ዘንጉን ወደ ሦስተኛ አስገባችው። መኪናዋ ነጠቅ አድርጋ ያዘች፣ ሞተሩ አጓራ። ቅዝቃዜው ሲመለስ እጇን ከዘንጉ ላይ አላነሣችም።

ግራሯ በስተቀኝ መጣች። አለፈች።

«አለፍናት?» አለች፤ ዞራ አላየችም።

«አለፍናት።»

ከዚያ እስከ ጭፍራ ዘይኑ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ራህማ ማርሽ ታስገባለች። ሁለቴ አምስተኛ ያለችው ሦስተኛ ሆኖ መኪናዋን አንቃት ነበር፤ ዘይኑ ምንም አልተናገራትም።

የኢልሀም ደጃፍ ሲደርሱ ባሏ ራህማን ተሸክመው የሚያስገቡበት ወንበር ይዞ ሮጦ መጣ። ራህማ በሩን ከፍታ እግሯን መሬት አስነካች፤ ጠበቀች፤ ሌላውንም አስነካች። ደጃፉ አምስት እርምጃ ነበር። ወንበሩን በእጇ ገፋ አድርጋ አምስቱን እርምጃ ሄደች። ውስጥ ገብታ መጀመሪያ የተናገረችው «መጋረጃው አረንጓዴ አይደለም እኮ፤ ሰማያዊ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ነው ልጇን አንገቷን አቅፋ ያለቀሰችው።

እሑድ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሙሉአለም ደወለች። ሌሊቱን ስለ ቺንጊያው ስታስብ ነበር ያደረችው።

«እትዬ ራህማ! ኤሲው እንዴት ሆነ?»

«እንዴት ይሁን፣ በረደኝ እኮ! ስሟን አወጣሁላት፤ ኑርሀያት ነው።»

«ማሻ አላህ! ታዲያ ለጋሽ ዘይኑ ስልኩን ይስጧቸው፤ የጋዙን ነገር ልጠይቃቸው።»

«አይመቸውም። ተቀምጧል።»

«ማን?» አለች ሙሉአለም።

«እሱ። ልጅቱ ክንዱ ላይ ተኝታበት፣ ብነሣ ትነቃብኛለች ብሎ ከምሳ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። እግሩ ደንዝዟል፤ ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፎበታል።»

«በእጃቸው እሽ አይሉትም?»

ራህማ ወደ ባሏ አየች። «ግራ እጁ ከታች ይዟታል» አለች። «ቀኙ ደግሞ ከጭንቅላቷ ሥር ነው።»